በአፍንጮ በር ሰማይ የሚያልፉት መንገደኞች

የአገራችን ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ወቅት ከፍለው ሲቈጥሩ፥ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ያለውን መጸው፥ ከታኅሣሥ 26 ቀን እስከ መጋቢት 25 ቀን ያለውን በጋ፥ ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለውን ጸደይ፥ የቀረውንም ክረምት ብለው ሰይመውታል። ዛሬ ብዙ ሰው አደይ አበባ የሚፈነዳበትን የመስከረምን ወር «ጸደይ» ሲል ይሰማል። አጠራሩ ከተለመደ ቈይቷልና አንከራከርበትም። ስለ ወፎች ጉዞ ለመነጋገር በተነሣን ጊዜ ግን የጥንቱን አከፋፈል መያዝ ይበልጥ ይጠቅመናል። ምክንያቱም ይህ የሊቃውንቱ ጸደይ የሚገባበት ሰሞን በአውሮፓና በእስያ ሰሜን በረዶው የሚቀልጥበት፥ ዛፉም የሚያቈጠቍጥበት ሰሞን ነው፤ ከመስከረም ጀምሮ በእኛ ዘንድ የከረሙት የሰሜን ወፎችም ጓዛቸውን ጠቅልለው የሚነሡት በዚሁ ጊዜ ነው። እኛ በጋ የምንለው ወራት ለትውልድ አገራቸው የብርድና የራብ ወራት ነው፤ ስለዚህ ክረምታቸውን በእኛ በጋ ያሳልፉታል ማለት ነው።

ይህን ነገር ለማስረዳት አፍንጮ በርን መርጠናል። ሰፈሩ በአራዳና በስድስት ኪሎ መካከል በተዳፋት ላይ የተቀመጠ ስለ ሆነ፥ ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው የእንጦጦን ጋራ ያያል፤ ወደ ደቡብ የተመለከተ ደግሞ ከተማዪቱ ቁልቍል ስትዘረጋ ያያል። እንጦጦም እንዲያው ተራራ ብቻ አይደለም፤ የውሃ መክፈያ ነው። በሰሜን በኩል የወረደው ዝናብ በሱሉልታ ሜዳ አድርጎ ወደ ሙገር፥ ከዚያም ወደ ዓባይ ይሄዳል፤ በደቡብ በኩል የወረደው ከተማዪቱን አቋርጦ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ወይም ከአቃቂ ረግረግ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ሰሜን የሚያቀና ወፍ ይህን የተራራ ጀርባ መሻገር አለበት። የአዋሽን ውሃ ትቶ የዓባይን ውሃ የሚይዘው እዚህ ላይ ነው። እንግዲህ «በር» የሚለው ስም ለሰውና ለከብት ብቻ የተሰጠ አይመስለንም።

ስለ ተጓዥ ወፍ ሲነገር በብዙዎቻችን ኅሊና ፈጥኖ የሚመጣው የመስቀል ወፍ ነው። ዓመት ሙሉ ጠፍቶ ከርሞ አንድ ቀን ብቅ የሚል ዘመድ ሲመጣ «የመስቀል ወፍ ሆነሃል» እንለዋለን። ወፉ ከአደይ አበባ ጋራ ታይቶ ከአደይ አበባ ጋራ ስለሚሰወር፥ ከወዴት እንደ መጣና ወዴት እንደ ሄደ ሲያጠያይቅ ኖሯል። በየአውራጃው የመስቀል ወፍ ተብሎ የሚታየው አንድ ዓይነት ባይሆንም፥ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ልብስ ለብሶ ቀይ ወይም ቢጫ ጣል ያደረገበት፥ ከጎጆ ሠሪ ወፎች ወገን የሆነ ትንሽ ወፍ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ይህ ወፍ የትም አልሄደም። ወንዱ ክረምት ሲገባ ላባውን ለውጦ የሠርግ ልብሱን ይለብሳል፤ ወልዶ ካሳደገ በኋላ ጌጡን ያወልቅና እንደ ሴቲቱ ቡናማ ሆኖ በጋውን ሁሉ በየማሳው እህል ሲለቅም ይከርማል። እኛም ከፊታችን እያለ «ሄደ» እንላለን።

በአንጻሩ ደግሞ በየዕለቱ ስለምናያቸው ብቻ የቤት ልጅ አድርገን የቈጠርናቸው ብዙ እንግዶች አሉ። በጃን ሜዳ ሣር ላይ፥ ከብትም በተሰማራበት መስክ ሁሉ ጅራቷን ሳታቋርጥ እየወዘወዘች በላሞቹ እግር ሥር ነፍሳት የምትለቅመው ቢጫ ደረት ያላት ቀጭን ወፍ ከአውሮፓና ከእስያ የመጣች ናት። ጅራቷ እንደ መቀስ የተሰነጠቀው፥ ጉሮሮዋም የሸክላ ቀለም የመሰለው፥ በሜዳው ላይ ዝቅ ብላ እንደ ቀስት የምትወረወረው ወፍ ጎጆዋን የምትሠራው በሩቅ አገር በገበሬ በረት ውስጥ ነው። ጥቅምት ካለፈ በኋላ በአሮጌዎቹ የአራዳ ግቢዎች በወይራና በጽድ ዛፍ ውስጥ ተሸሽጎ ፍሬ የሚለቅም፥ መላ አካሉ አመድማ ሆኖ ራሱ ላይ ብቻ ጥቁር ቆብ የደፋ ትንሽ ወፍ አለ፤ የሴቲቱ ቆብ ቡናማ ነው። እርሱም በጋውን ብቻ ሊያሳልፍ የመጣ ነው። እንዲህ ሲታይ፥ መንገደኛ ያልነው ቤተኛ፥ ቤተኛ ያልነው መንገደኛ ሆኖ ይገኛል።

እንዲህ ያለ መሳሳት የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዕውቀቱ ዓለም ያከበረው ግሪካዊው አሪስጣጣሊስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ፥ ጅራተ መቀሷ ወፍ በብርድ ወራት ላባዋን ጥላ በጕድጓድ ውስጥ ትደበቃለች የሚል ቃል አስፍሯል። ከእርሱም ወዲህ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፥ የስዊድኑ ሊቀ ጳጳስ ኦላውስ ማግኑስ በ1555 ባሳተመው መጽሐፍ፥ እነዚህ ወፎች ተቃቅፈው በሐይቅ ውስጥ እንደሚከርሙና ዓሣ አጥማጆች በመረባቸው እንደሚያወጧቸው ጻፈ። (የውጭ አገር ሰዎችን ሥራ በተመለከተ የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) የሰሜን ሊቃውንት ከበረዶ በታች ሲፈልጓት እርሷ በእኛ ሜዳ ላይ ዝንብ ትቀልብ ነበር።

ይኸው አሪስጣጣሊስ ግን በአንዱ ወፍ ነገር አልተሳሳተም። እንግሊዞች «ክሬን» የሚሉት፥ በኋላ ስሙን ለሕንጻ ሠሪዎች ዕቃ ማንሻ ያዋሰው፥ ግራጫ ልብስ ያለው ባለ ረጅም እግርና ባለ ረጅም አንገት ወፍ አለ። ፈላስፋው ስለዚህ ወፍ ሲናገር ከእስኩቴስ ሜዳ ተነሥቶ ከግብፅ በላይ ወዳለው፥ ዓባይ ወደሚፈልቅበት ረግረግ እንደሚሄድ ተናግሯል። ከእርሱ በፊት የነበረው ባለቅኔው ሆሜርም የጦር ሠራዊት ጩኸትን ብርድ ሸሽተው ወደ ደቡብ ከሚበርሩት ከእነዚህ ወፎች ጩኸት ጋራ አመሳስሎታል። እስኩቴስ የተባለው አገር ዛሬ ዩክሬንና ደቡብ ሩሲያ የምንለው ነው። ዓባይ የሚወጣበት ረግረግ የተባለውን ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ሌላ ሰው ሳይመራን እናውቀዋለን። በጣና ዙሪያ በፎገራ ሜዳና በሐይቁ ዳር እነዚህ ወፎች ከኅዳር እስከ የካቲት በብዙ ሺህ እየሆኑ፥ ቀን አዝመራ ከተነሣበት ማሳ እህል ሲለቅሙ፥ ማታ በውሃው ዳር በአንድ እግራቸው ቆመው ሲያድሩ ይታያሉ። በእኛም ዘመን የኢስቶንያ ተመራማሪዎች ካገራቸው ወፎች በአንዳንዶቹ ላይ ከሰማይ የሚከታተል መሣሪያ አስረው ለቅቀዋቸው፥ ከእነርሱ አንዳንዶቹ ኢትዮጵያ ድረስ መጥተው እንደሚከርሙ አረጋግጠዋል። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት የቈየው ያ ቃል የመንገዱን ጫፍና ጫፍ በትክክል ይዞት ነበር። ዓባይ ከየት እንደሚፈልቅ አውሮፓውያን ገና ሲከራከሩ፥ የአውሮፓ ወፍ ግን በየዓመቱ ይመላለስበት ነበር።

የእኛም አባቶች ነገሩን ሳያስተውሉት አልቀሩም። በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው «ፊሳልጎስ» የተባለው መጽሐፍ የንስርንና የሌሎችንም አዕዋፍ ጠባይ እያነሣ ለነፍስ ትምህርት ያደርገዋል። ነቢዩ ኤርምያስም በምዕራፍ 8 ሽመላና ሌሎች ወፎች የመምጫቸውን ጊዜ ማወቃቸውን አንሥቶ፥ ጊዜውን ያላወቀውን ሕዝብ ወቅሶበታል። ፍልስጥኤም በሁለቱ አህጉራት መካከል ያለች የወፎች ድልድይ ስለ ሆነች፥ ነቢዩ ይህን የተናገረው በዓይኑ አይቶ መሆኑ አያጠራጥርም።

የአውሮፓ ሰዎች ከጥርጣሬ የወጡበት ነገር አሳዛኝም አስቂኝም ነው። በ1822 በጀርመን አገር በመክለንቡርግ አንዲት ሽመላ ተገድላ ስትታይ፥ ከአፍሪካ እንጨት የተሠራ ረጅም ጦር አንገቷን ወግቶ እንደ ተሰካ ተገኘ። ወፊቱ በአፍሪካ ተወግታ፥ ጦሩን ይዛ በረሃና ባሕር አቋርጣ ወደ ጎጆዋ ተመልሳ ነበር። አካሏ ከነጦሩ ደርቆ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ እስከ ዛሬ ተቀምጧል። ከዚያም በ1899 በዴንማርክ የቪቦርግ መምህር የነበረው ሐንስ ክሪስቲያን ሞርተንሰን ቍጥርና አድራሻ የተጻፈበት የአሉሚኒየም ቀለበት በወፎች እግር ላይ ማሰር ጀመረ። በ1911 በእንግሊዝ አገር በስታፎርድሺር በአንድ ቤት ደጃፍ ቀለበት የታሰረላት ጅራተ መቀስ ወፍ፥ በታኅሣሥ 1912 በደቡብ አፍሪካ በናታል ተያዘች። ከጣት ቀለበት የማይበልጥ ብረት የኦላውስ ማግኑስን ሐይቅ አደረቀው።

በአገራችን የወፎች ጥናት ታሪክ ግን ከተጓዦቹ ይልቅ በነዋሪዎቹ ነው የጀመረው። የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ከ1831 ጀምሮ በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ ጎንደርን አይቶ ሲመለስ፥ ብዙ የወፍ ቆዳና የግዕዝ መጻሕፍት ይዞ ሄዷል። በሳይንስ ስም ከሰየማቸው ወፎች መካከል በአፍንጮ በር የሚኖር ሰው በየማለዳው የሚያያቸው አሉ፤ ይኸውም አፉ እንደ ጥርብ ድንጋይ የወፈረው፥ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ትልቁ ቁራ፤ በቤተ ክርስቲያን ጕልላትና በድንጋይ ቤት ላይ የሚሰፍረው፥ አንገቱ ላይ ነጭ ያለው ርግብ፤ እንዲሁም ንጋት ላይ በጩኸቱ ሰፈሩን የሚቀሰቅሰው አፈ ቈልማማው ትልቅ ወፍ ናቸው። ሦስቱም የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ልጆች ናቸው፤ ከዚያ ውጭ አገር የላቸውም።

ከእርሱ በኋላ ኢጣልያዊው ኦራትስዮ አንቲኖሪ በ1876 የአገሩን የጂኦግራፊ ማኅበር ልኡካን እየመራ ወደ ሸዋ መጣ። ዳግማዊ ምኒልክም ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያን ሰጡት። ሰውዬው ወፍ ሲሰበስብ ኖሮ በ1882 በዚያው ሞተ፤ ስብስቡም ወደ ጄኖቫ ቤተ መዘክር ሄደ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቈረቈር እንግዲህ የሸዋ ወፍ ኢጣልያ ከገባ ቈይቶ ነበር።

ከሁሉም ይልቅ ልናወሳው የሚገባን ግን አሜሪካዊው ሠዓሊ ሉዊ አጋሲ ፉዌርቴስ ነው። በ1926 እና በ1927 የቺካጎው የፊልድ ቤተ መዘክር የላከው ጓድ በዊልፍሬድ ኦስጉድ መሪነት አዲስ አበባ ገብቶ፥ በጊዜው አልጋ ወራሽ በነበሩት በራስ ተፈሪ ፊት ከቀረበ በኋላ አገሩን ዞሯል። ወፍ ሲሞት የዓይኑ፥ የአፉና የእግሩ ቀለም ወዲያው ይጠፋል፤ በሣጥን የተቀመጠ ቆዳ ይህን አያስረዳም። ፉዌርቴስ ስለዚህ በየድንኳኑ ተቀምጦ፥ የተገደለው ወፍ ሳይቀዘቅዝ፥ ቀለሙ ሳይጠፋ በብሩሽ ይይዘው ነበር። በነሐሴ 1927 አገሩ ገብቶ ሥዕሎቹን ለአንድ ወዳጁ አሳይቶ ሲመለስ፥ መኪናው የባቡር ሐዲድ ሲሻገር ባቡር ገጨውና ሞተ። ሥዕሎቹ ግን ሳይጎዱ ተገኙ፤ ዛሬም በቺካጎ አሉ። የኢትዮጵያን ወፎች መልክ ለማየት የሚፈልግ ሰው፥ ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ እንኳ፥ ከእነዚህ የተሻለ ብዙ አያገኝም ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ስለ ራሷ ስለ አዲስ አበባ በ1950 ጊቻርድ የተባለ እንግሊዛዊ የከተማዪቱንና የአካባቢዋን ወፎች በዝርዝር ጽፎ አሳተመ። ከዚያም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኤሚል ኧርባን ከሌስሊ ብራውን ጋራ ሆኖ የአገሪቱን ወፎች መዝገብ በ1971 በዩኒቨርሲቲው ማተሚያ ቤት አወጣ። በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም በ1996 ለወፎች ጠቃሚ የሆኑትን 69 ቦታዎች ለይቶ ዝርዝራቸውን አሳተመ። በአገራችን የታዩት የወፍ ዓይነቶች ዛሬ ከ850 በላይ ናቸው።

እንግዲህ ከየካቲት እስከ ግንቦት በአፍንጮ በር የሚቆም ሰው ምን ሊያይ ይችላል?

ከሁሉ በፊት ጭልፊቱን ይመልከት። በፒያሳና በአራዳ ሰማይ ላይ ክንፉን ዘርግቶ የሚዞረው፥ ጅራቱ በስተ መጨረሻው ሰርጐድ ያለው፥ ሥጋ ካለበት የማይርቀው ይህ አሞራ ከምኒልክ ዘመን የአራዳ ገበያ ጀምሮ የከተማዪቱ ባለ ርስት ነው። ገበያው በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ ሲዛወር እንኳ እርሱ ሰፈሩን አልለቀቀም። ነገር ግን በበጋ በአንድነት ከሚዞሩት ጭልፊቶች መካከል ሁሉም ያገር ልጆች አይደሉም። አፉ እስከ ጫፉ ቢጫ የሆነው አፍሪካዊው ነው፤ አፉ ጥቁር ሆኖ ከሥሩ ብቻ ቢጫ ያለበት ግን ከአውሮፓ ወይም ከእስያ የመጣው ነው። ሁለቱም አንዱን አጥንት ይሻማሉ፤ አንዱን ነፋስ ይጋልባሉ። የካቲት ተገባዶ መጋቢት ሲጠባ ባለ ጥቁር አፉ እያነሰ ይሄዳል። መነጽር ያለው ሰው በመነጽር፥ የሌለውም ጭልፊቱ በግንብ ላይ ሲያርፍ በዓይኑ ሊለየው ይችላል።

ከጭልፊቱ በላይ፥ ፀሐይ ሞቅ ስትል ከእንጦጦ ጀርባ በሚነሣው ትኩስ ነፋስ ላይ፥ ክንፉን ሳያርገበግብ እየተሽከረከረ የሚወጣ ትልቅ ቡናማ ንስር ሊታይ ይችላል። ይህ ከሩሲያና ከካዛክስታን ሣር ሜዳ የሚመጣው ንስር ነው። የመንገዱ ነገር ይደንቃል። ትልልቆቹ አሞሮች ሙቅ ነፋስ በሌለበት ባሕር ላይ መብረር ስለሚያደክማቸው፥ የባሕሩን ጠባብ በር ይፈልጋሉ። በመጸው ከየመን ወደ ጅቡቲ የሚሻገሩት በባብ ኤል ማንደብ ነው፤ ትርጓሜውም በዐረብኛ «የእንባ በር» ማለት ነው። በ1987 መጸው በጅቡቲ በኩል ተቀምጠው የቈጠሩ ሰዎች 246 ሺህ ያህል አሞሮችና ንስሮች ሲሻገሩ ቈጥረዋል፤ ከእነዚህም የዚህ የሣር ሜዳው ንስር ብቻ 76 ሺህ ያህል ነበር። ሲመለሱ ግን ንስሮቹ በመጡበት አይሄዱም። የቀይ ባሕርን ምዕራባዊ ዳርቻ ይዘው ወደ ሰሜን ይወጡና በስዌዝ በኩል ወደ እስያ ይገባሉ። ይህ ንስር ከ2015 ጀምሮ በዓለም ለመጥፋት ከተቃረቡት ዓይነቶች ተቈጥሯል።

ወደ ምድር ዝቅ ብንል፥ ቢጫ ደረቷ ወፍ በመጋቢት መልኳን ታሳምራለች። በጥቅምት ስትመጣ የደበዘዘው የወንዱ ጕሮሮ በመጋቢት እንደ አደይ አበባ ይቢጫል፤ ይህም ለመነሣት መቃረቧን የሚያስታውቅ ነው። በዚህ ጊዜ ትንንሾቹ ወፎች ቀኑን ሙሉ ሲበሉ ይውላሉ። የበሉት በቈዳቸው ሥር ጮማ ይሆናል፤ ከመካከላቸው ሰሐራን ለመሻገር ክብደታቸውን እጥፍ ሊያደርሱ የሚቃረቡ አሉ። ከእነርሱ መካከል በታረሰ መሬት ላይ ቆማ የምትታይ፥ ወገቧ ነጭ የሆነ፥ 25 ግራም ያህል ብቻ የምትመዝን አንዲት ወፍ አለች። የእርሷ ወገን የሆኑ በአላስካ የሚፈለፈሉ ወፎች እስያን በሙሉ አቋርጠው ሱዳን፥ ዩጋንዳና ኬንያ ድረስ እንደሚመጡ በ2012 ታትሞ በወጣ ጥናት ታውቋል፤ መንገዱ በአንድ ወገን ብቻ 14 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ደብዳቤ የማይሞላ ክብደት እንዲህ ያለ ርቀት መሸከሙ ሲታሰብ፥ ነገሩ ከተአምር አይተናነስም።

ይህ ሁሉ እንዲቀጥል ግን ማረፊያ ያስፈልጋል፤ ከዚህ ላይ ነው ነገሩ የእኛ የሚሆነው። መንገደኛ ወፍ ሦስት ቤት አለው፤ የሚወልድበት፥ የሚከርምበትና በመካከሉ የሚያርፍበት። ከሦስቱ አንዱ ቢፈርስ ሁለቱ ቢቀሩ አይጠቅመውም። የአቢጃታ ሐይቅ ውሃው ለመስኖና ለሶዳ አሽ እየተቀዳ ዳርቻው በብዙ ሸሽቷል። ከአዲስ አበባ የሚወርደው ቈሻሻ ሁሉ የሚጠራቀመው ለሰሜን ዳክዬዎች መክረሚያ በሆነው በአቃቂና በአባ ሳሙኤል ውሃ ውስጥ ነው። በ2012 ዓ.ም. የአንበጣ መንጋ አገሩን ባስጨነቀ ጊዜ መርዝ መርጨት ግድ ሆኖ ነበር፤ ሽመላ ደግሞ አንበጣ በጣም ከሚወዱት ወፎች አንዷ ናት፤ ለገበሬውም ያለ ደመወዝ ትዘምትለታለች። በዚሁ በአራዳም በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢዋ ብዙ አሮጌ ሰፈር ፈርሶ መንገዱ ሰፍቷል። መንገድ መስፋቱን የሚነቅፍ ሰው አይደለንም፤ የሰው ኑሮ ይቀድማል። ነገር ግን ከአሮጌው ቤት ጋራ አሮጌው ጓሮ፥ ከጓሮውም ጋራ ወይራውና ጽዱ፥ ኮሽሙም አብሮ ይሄዳል። ባለ ጥቁር ቆቡ እንግዳ በመንገድ ዳር ከተደረደረ ጌጠኛ ተክል የሚያገኘው ፍሬ የለም። አዲሱ ሰፈር ሲተከል በየስፍራው ጥቂት የአገር ዛፍ ቢታሰብበት ወጪው እንኳ ይህን ያህል አይሆንም ነበር።

ሌላም የጐደለን አለ። ከላይ የጠቀስናቸው መዛግብት የተጻፉት በጀርመንኛ፥ በኢጣልያንኛና በእንግሊዝኛ ነው፤ ቆዳዎቹና ሥዕሎቹም በፍራንክፈርት፥ በጄኖቫና በቺካጎ ናቸው። ይህን የምንለው ለቅሬታ አይደለም፤ እነዚያ ሰዎች ባይለፉ ብዙውን ባላወቅነው ነበር። ነገር ግን ለወፎች ጉዞ ጥናት የሚያስፈልገው ዋናው ነገር ቆዳ ሳይሆን ቀን ነው። በአውሮፓ ብዙ ሰዎች በየዓመቱ «ዛሬ የመጀመሪያዪቱን አየሁ» ብለው በደብተራቸው የጻፉት ቃል ሲደማመር፥ የአየር ጠባይ ሲሞቅ ወፎቹ ቀደም ብለው መድረስ እንደ ጀመሩ አስታውቋል። የእነርሱ መምጫ ተጽፏል፤ የእኛ መሸኛ ግን ጸሐፊ ይፈልጋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ትልቅ ትምህርት አይደለም። በአፍንጮ በር የሚኖር ተማሪ ወይም ጡረተኛ፥ ቢጫ ደረቷን በስንት መጋቢት ወይም በስንት ሚያዝያ ለመጨረሻ ጊዜ እንዳያት፥ ባለ ጥቁር ቆቡ ከግቢው መቼ እንደ ጠፋ፥ ባለ ጥቁር አፉ ጭልፊት መቼ እንደ ተመናመነ በአንድ ደብተር ለ10 ዓመት ቢጽፍ፥ የሚሠራው ሥራ ከጊቻርድ ዝርዝር ቀጥሎ የሚቀመጥ ይሆናል። ዛሬ ደግሞ በእጅ ስልክ መዝግቦ በዚያው ቀን ለዓለም ተመራማሪዎች ማድረስ ይቻላል። ስሟን በእንግሊዝኛ ባያውቅ እንኳ መልኳንና ቀኗን ይጻፍ፤ ስሙ ኋላ ይገኛል።

መጻፍ የሚጀምር ሰው ቢኖር፥ ግንቦት ሲጋመስ ገጹ ባዶ እየሆነ መምጣቱን ያያል። ያን ጊዜ በአፍንጮ በር ሰማይ ላይ የሚቀሩት ቁራው፥ ርግቡና ባለ ቢጫ አፉ ጭልፊት ናቸው። ሰኔ አልፎ ሐምሌ ሲገባ በጓሮ የከረመው ባለ ጥቁር ቆብ በሰሜን ደን ውስጥ ጫጩቶቹን ሊያበርር ይቃረባል፤ በእኛ ማሳ ዳር ደግሞ ያ ዓመቱን ሙሉ የትም ያልሄደው ቡናማ ወፍ ጥቁርና ቀይ ልብሱን አንድ በአንድ መልበስ ይጀምራል።